ከጋዜጣው ሥር የነበረው ወታደር

መጀመሪያ ውሃው ነው። ለብ ማለት አለበት፤ ከሞቀ ቀለም ያፈሳል፣ ከቀዘቀዘ ሙጫ አያላላም። ሶረቲ ታፋ ልብስ ስትተኩስ የምትጠቀምበትን መርጫ ትሞላና ከግድግዳው ክንድ ያህል ራቅ ብላ ትረጫለች። ተጠግቶ የሚረጭ ሰው ውሃውን አንድ ቦታ ያጠጣዋል፤ ጭቃው ያብጥና ወረቀቱን ይዞ ይወርዳል። ቀጥላ በእጥበት ብዛት የለሰለሰ አቡጀዲ ነክራ፣ ጭምቅ አድርጋ፣ በመዳፏ እየደባበሰች ወረቀቱን ታለብሰዋለች። ከዚያ እጇን ታነሳለች። ከሥራው ሁሉ ከባዱ ይሄ እጅ ማንሳቱ ነው፤ ቸኩሎ የሚልጥ ሰው የሚያተርፈው ቁርጥራጭ ብቻ ነው።

የወረቀቱ ጠርዝ መነፋት ሲጀምር ስለቱ የዶለዶመ ቢላዋ በአግድም ታስገባለች። ላይኛው ጋዜጣ ነው፤ ደካማ ወረቀት ስለሆነ ቀድሞ ይሟሟል፣ እሱን በአውራ ጣቷ እያንከባለለች ትሰበስበዋለች። ከሱ ሥር ሌላ ጋዜጣ አለ። ከዚያ ሥር የቤተ ክርስቲያን ካላንደር። ከካላንደሩ ሥር ወፍራሙ ይመጣል።

ወፍራሙ ሲመጣ ትንፋሿን ትቀንሳለች። አትስበውም፤ በራሱ ክብደት ወደ ታች እንዲወርድ በሁለት እጇ ታግዘዋለች እንጂ። ላስቲክ ላይ በፊቱ ትደፋዋለች፤ ጀርባው ላይ የቀረውን ጭቃ በጺም መላጫ ብሩሽ ታራግፋለች። የስንዴ ዱቄት በጥብጣ፣ እያማሰለች አብስላ፣ ጓል እንዳይኖረው በሻሽ ያጠለለችውን ሙጫ ትቀባና አሮጌ በር ላይ በሚስማር ከወጠረችው አቡጀዲ ጋር ታጣብቀዋለች። አየር እንዳይቀር ባዶ የለስላሳ ጠርሙስ ታንከባልልበታለች። ማድረቂያው ጥላ ነው፤ ፀሐይ አይነካውም።

"በኮላ ብትሠሪው አይቀልልሽም?" ለሚላት ሰው መልሷ አጭር ነው።

"ኮላ ስህተትሽን ይዞብሽ ይቀራል። የዱቄት ሙጫ ግን ብትሳሳቺ በውሃ ይለቅልሻል።"

ይህን የተማረችው ዩኒቨርሲቲ አይደለም። ሶረቲ አስተማሪ ከመሆኗ በፊት የማስታወቂያ ሥዕል ሠልጥና ነቀምቴ ውስጥ የሱቅ ታፔላ ትጽፍ ነበር፤ የሥጋ ቤት በሬ፣ የፀጉር ቤት ሴት፣ የሚኒባስ ኋላ ጥቅስ። ደንበኛ በቀለም ሲጨቃጨቅ ምን ማለት እንደፈለገ ከእጁ አወዛወዝ ታውቃለች። በኋላ በክረምት ትምህርት ታሪክ አጥንታ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል መምህርት ሆነች። ሁለቱ ሙያዎች የተገናኙት አባቷ በሠሩት ሰርቪስ ቤት ግድግዳ ላይ ነው።

አባቷ ኦቦ ታፋ በደርግ ዘመን አንገር ጉቲን ቆላ፣ የመንግሥት እርሻው መጋዘነኛ ነበሩ። በሰማንያ ሦስት መንግሥቱ ሲወድቅ ቤተሰባቸውን በቆሎ በጫነ መኪና አናት ላይ አስቀምጠው ወደ ነቀምቴ ወጡ። ከዕቃቸው መሀል አንድ ጥቅል ወረቀት ነበር። ያኔ ጭቃ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ግድግዳውን ጋዜጣ ያለብስ ነበር፤ አቧራ ይይዛል፣ ተባይ ይቀንሳል፣ ብርድም ይከላከላል። ኦቦ ታፋ ግን ከጋዜጣው በፊት ከጥቅሉ እየመዘዙ ወፍራም ወፍራሙን ለጠፉ፣ በላዩ ጋዜጣ አለበሱት፣ ነገሩ አለቀ። አባቷ ካረፉ በኋላ ሶረቲ ቤቱን ሲሚንቶ ለማስለሰን ስትልጥ ነው አንድ ጣት ከጋዜጣው ሥር ብቅ ብሎ ወደ እሷ የጠቆመው።

ጣቱ የወታደር ነው። የብረት ቆብ ደፍቷል፣ በግራ እጁ ጠመንጃ ይዟል፣ በቀኙ ፖስተሩን የሚያየውን ሰው ይጠቁማል። ከኋላው የበቆሎ ማሳና የክብሪት ቀፎ የሚያህል ትራክተር አለ። በማሳው ዳር የቆመው ሕዝብ ፊት የለውም፤ ኮፍያና ሻሽ ብቻ ነው። ከላይ በቀይ፦ "ሁሉም ወደ ግንባር!" ከታች በጥቁር፣ ደቀቅ ባለ ፊደል፦ "ልጁን የደበቀ አገሩን የካደ ነው።"

በሦስት ዓመት ውስጥ ከዚያ ግድግዳ ብዙ ፖስተር አወጣች፤ ለማስተማር እንደዚህኛው የሆነላት ግን አልነበረም። አሠራሯ የታወቀ ነው። ፖስተሩን ትሰቅላለች፤ ጽሑፉን በካኪ ወረቀት ትሸፍናለች። "ዓይን ይቅደም" ትላለች። ትልቅ ሆኖ የተሳለው ማነው? ትንሽስ? ማን ይጎድላል? ወረቀቱንና ቀለሙን የገዛውስ ማነው?

"ቲቸር፣ ጫማው አዲስ ነው። ገና አልሄደም ማለት ነው!" ይላል አንዱ።

"እናትየዋ የለችም" ትላለች ሌላዋ።

"ትራክተሩ ውሸት ነው፤ ጉቲን ያለው አጎቴ ዛሬም በበሬ ነው የሚያርሰው።"

እንዲህ እንዲህ እያሉ ይስቃሉ። ሳቁ ሲበርድ ካኪውን ታነሳለች፣ ጽሑፉን ታነብላቸዋለች፣ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ያቺን ጸጥታ ትወዳታለች። መጨረሻ ላይም ሁልጊዜ በኩራት የምትላት ነገር ነበረች፦ "ይሄን ታሪክ ያተረፈው አባቴ ነው።"

ዘንድሮ ግን አንድ ነገር ለወጠች። ከክፍሏ ልጆች አብዛኞቹ በቁቤ፣ በላቲኑ የኦሮምኛ ፊደል፣ የተማሩ ናቸው፤ የአማርኛውን ፊደል እየቆጠሩ ነው የሚያነቡት። ከኋላ ወንበር ግን ኑሪያ አለች። ከኪራሙ ተፈናቅላ የመጣች ናት፤ አያቶቿ የወሎ ሰፋሪዎች ነበሩ። ሁለት ዓመት ትምህርት ጠፍቶባታል። ስትገባም ስትወጣም ድምፅ የላትም። የሶረቲን አንጀት በላችው። "የምትችለውን ነገር በፊታቸው ታሳያቸው" ብላ አሰበች፤ በቅን ልቦና።

"ኑሪያ፣ ተነሺ እስቲ። እንዳንቺ የሚያነብልን የለም።"

ኑሪያ ተነሳች። ኪራሙ ሳለች የትምህርት ቤቷ የሚኒ ሚዲያ አንባቢ ነበረች፤ ማንም አያውቅም እንጂ ድምፅስ አላት። ቀጥ ብላ፣ ጥርት አድርጋ አነበበች። "ሁሉም ወደ ግንባር! ልጁን የደበቀ አገሩን የካደ ነው!"

እንደ ወትሮው ክፍሉ ጸጥ አለ። ሶረቲ ጸጥታውን ያው የድሮው መሰላት።

በመስኮት በኩል የምትቀመጠው ቦንቱ ብድግ አለች። የቦንቱ ወንድም ከሦስት ዓመት በፊት የስልክ ካርድ ልግዛ ብሎ እንደወጣ አልተመለሰም። ወዴት እንደገባ ቤተሰቡ አያውቅም። አንዱ ወገን እየመጣ "ልጅህ የት አለ?" ይላል፤ ሌላው ወገን ይመጣና "ልጅህ የት አለ?" ይላል። አባቷ በዚህ ምክንያት ቤታቸው አያድሩም። ቦንቱ ከሶረቲ ጋር ሁልጊዜ በአፋን ኦሮሞ ነው የምታወራው። ያን ቀን በአማርኛ ተናገረች።

"አንድ ጊዜ ድገሚው።"

ኑሪያ መምህርቷን አየች። ሶረቲም ቦንቱ ቃሉን ያልያዘችው መሰላት። "ድገሚላት" አለች።

ኑሪያ ደገመችው፤ ከፊተኛው ከፍ አድርጋ።

"ገባኝ" አለች ቦንቱ። "ለአባዬ እነግርልሻለሁ።" ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

በማግስቱ ኑሪያ በበሩ ስትገባ ከኋላ አንድ ጎረምሳ ጮኸ፦ "ፖስተሯ መጣች! ልጆቻችሁን ደብቁ!" ሳቁ እስከ ጓሮ ተሰማ። በሳምንቱ ስሟ እሱ ሆነ። ውሃ ስትቀዳ፣ በሰልፍ ስትቆም፣ "ፖስተሯ ለማን እየጠቆመች ነው?" ይባላል። አብሯት የሚቀመጥ ጠፋ። አንድ ቀን ዴስኳ ላይ የሚጠቁም ወታደር ሥዕል ተለጥፎ ተገኘ፤ ቆቡ በሻሽ ተለውጧል፤ የሷ ሻሽ ነው። ሶረቲ መርጫዋን፣ አቡጀዲዋን፣ ቢላዋዋን ይዛ ገባች። ረጨች፣ ሸፈነች፣ ጠበቀች። ወረቀቱ ንቅንቅ አላለም። በኮላ ነው የለጠፉት። ብትፍቀው ፊቱ ጠፋ፤ ጣቱ ግን እንጨቱ ላይ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ኑሪያ አልመጣችም።

ርዕሰ መምህሩ ኦቦ ቀነአ ሶረቲን ቢሮ አስጠሯት። ደግ ሰው ናቸው፤ ፈሪም ናቸው፤ በዚህ ዘመን ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ።

"ሁለት ወላጅ መጥቶብኛል" አሏት። "አንደኛው ወታደር ትመለምላለች አለ። ሁለተኛው ወታደር ታዋርዳለች አለ። እኔ የማውቀው ግን ባንድ ደሞዝ ሁለቱን ሥራ እንደማትሠሪ ነው።"

"እኔ ታሪክ ነው የማስተምረው፣ ኦቦ ቀነአ።"

"ታሪኩ ያለፈ ቢሆን እኮ እኔም ደስ ባለኝ! አላለፈማ። ማሎ፣ እባክሽ፣ ወረቀትሽን ጠቅልይው።"

"ልጅቷስ?"

ኦቦ ቀነአ መነጽራቸውን አወለቁ። የብሔራዊ ፈተናው ምዝገባ ዓርብ ይዘጋል። ተማሪው ራሱ ቀርቦ ስሙንና ፎቶውን ማረጋገጥ አለበት። ያልቀረበ የለም ማለት ነው። ሁለት ዓመት የጠፋባት ልጅ ሦስተኛ ዓመት ሊጠፋባት ነው።

"አያቷ ዘንድ፣ ኡኬ ከተማ፣ ሄዳለች ይባላል" አሉ። "መንገዱ ዛሬ ክፍት ነው። ነገን አላውቅም።"

ሶረቲ ፖስተሩን በላስቲክ ጠቅልላ ብብቷ ሥር ያዘችና ሚኒባስ ተሳፈረች። ለምን ይዛው እንደሄደች ስትጠየቅ "ለሽማግሌው ያስተማርኩትን ላሳያቸው፤ ልጅቷን ሰድቤ እንዳይመስላቸው" ትላለች። ኬላው ላይ ግን ጥቅሉ ነገር አመጣ።

"ምንድን ነው ይሄ?" አለ ጠባቂው፣ ገና ጺሙ በቅጡ ያላቀመቀመ ልጅ።

"የድሮ ወታደር ነው። ለትምህርት።"

ፈታው። ሚኒባሱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ወደ እግሩ አጎነበሰ። ጠባቂው ረጅም ጊዜ አየው፤ ከዚያ ጓደኛውን ጠራ። "ና፣ ጫማውን እየው! እንዲህ ያለ ጫማ ለማን ነው የታደለው?"

"ለሥዕሉ" አለ ጓደኛው።

ሁለቱም ሳቁ፤ መኪናው ውስጥ ያለውም ሰው እየፈራ ሳቀ። ጥቅሉን መለሱላት።

የኑሪያ አያት ጋሽ ይማም ኡኬ ውስጥ አንድ ወፍጮ ቤት ጥላ ሥር ተቀምጠው የተቀደደ ማዳበሪያ ይሰፋሉ። ሶረቲን ሲያዩ በአፋን ኦሮሞ "አካም ኦልቴ፣ ኢንተላ ኮ?" ብለው ውሎዋን ጠየቋት፤ "ልጄ" ማለታቸው ነው። እሷ ደግሞ በአማርኛ "እንደምን ዋሉ አባባ?" አለች። በዚህ አገር ሰው ሲከባበር እንዲህ ነው፤ እያንዳንዱ በሌላው ቋንቋ ይጀምራል። ኑሪያ ከበሩ ብቅ ብላ አየቻትና እዚያው ቆመች።

"አስተማሪዋ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ እኔ ነኝ ያስነሳኋት" አለች ሶረቲ፣ ወረቀቱን እየፈታች። "ያነበበችው ይሄን ነው።"

ጋሽ ይማም መርፌያቸውን ማዳበሪያው ላይ ሰኩ። ወረቀቱን ሳይነኩ ጎንበስ ብለው አዩት።

"ይሄን ሰውዬማ አውቀዋለሁ።"

"የት?"

"ጉቲን። እኛን ያኔ ከወሎ አምጥተው እዚያ ነው ያሰፈሩን። የመጋዘኑ በር ላይ ነበር። በሩ ቆርቆሮ ነው፤ ፀሐይ ሲመታው ሙጫው ይለቃል። መጋዘነኛው እየመጣ ጠርዝ ጠርዙን መልሶ ይለጥፈው ነበር። ረጅም ሰው። ግራ እጁ ላይ የቀለበት ጣቱ የለችም። ታፋ ይባላል።"

ሶረቲ ቀና ስትል ከኑሪያ ዓይን ጋር ተገጣጠመች። ኑሪያ የመምህርቷን ሙሉ ስም ታውቃለች፤ በየፈተናው ወረቀት አናት ላይ ጽፋዋለች። መናገር የሶረቲ ነበር።

"ታፋ አባቴ ነበሩ" አለች።

ሽማግሌው መርፌያቸውን መልሰው አነሱ። ትንሽ ሰፉ።

"ጥሩ ሰው ነበር" አሉ። "ስኳር ሲሰፍር አያጎድልም። የመንደሩን ልጆች ግን እዚያች በር ሥር ነው ሰብስበው የጫኗቸው።"

ከዚያ ነገሯት። ጎረቤታቸው ያገሩ ተወላጅ የሆነች ሴት ነበረች፤ ጂሬኛ የሚባል ልጅ ነበራት፤ ከጋሽ ይማም ልጅ ጋር እኩያ። ፖስተሩ በተለጠፈ ሰሞን ሁለቱን ልጆች ጎተራዋ ውስጥ፣ ማሽላው ላይ አስተኝታ ደበቀቻቸው። ተገኙ። ባንድ መኪና ተጫኑ። "የኔ ተመለሰ፤ የሷ አልተመለሰም" አሉ ሽማግሌው። "እኔ ደጇን ለማለፍ እየፈራሁ፣ እሷ 'ይማም፣ ልጃችን ደህና ነው?' ትለኝ ነበር። ልጃችን ነው የምትለው፣ ወላሂ።" ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ። "ልጃችን ያለችው የዚች አባት ነው። ከዚያኛው ጦርነት ተርፎ መጣ። ከዚህኛው፣ ከኪራሙው፣ አልተረፈም።"

"አብዬ፣ ይበቃል" አለች ኑሪያ ከበሩ።

ሶረቲ እንደ መምህር አሰበች፤ ልማድ ነው። ይህን ታሪክ ክፍሉ ቢሰማው አንዳቸውም ዳግመኛ "ፖስተሯ" አይሏትም። ቦንቱም ብትሰማ የፖስተሩ ጣት የማንን ቤት ሲጠቁም እንደነበር ታውቃለች። "ኑሪያ፣ ይሄን ብነግራቸው..." ብላ ጀመረች።

"አይንገሯቸው።"

"እንዲያዝኑ እኮ አይደለም..."

"ቲቸር" አለች ኑሪያ፤ ድምፁ ያው የሚኒ ሚዲያው ነው፣ ጥርት ያለው። "ያኔ ሲያስነሱኝ የማንን ቃል እንደምናገር አልነገሩኝም። አሁን ደግሞ አባቴን ሰቅለው ዙሪያውን ሊያስጠይቁ ነው። ትልቅ የተሳለው ማነው፣ ትንሽ የተሳለው ማነው እያሉ። እኔ ሁለተኛ ፖስተር መሆን አልፈልግም።"

ሶረቲ ወረቀቱን መጠቅለል ጀመረች። በሙያዋ ብዙ ሰው ተችቷታል፤ እንዲህ ልክ ልኳን የነገራት ግን አልነበረም።

"ምን ላድርግ ታዲያ?"

"የራስዎን ይንገሩ።"

"ትመጫለሽ?"

"አስብበታለሁ።"

ስትነሳ ሶረቲ ሽማግሌውን አንድ ነገር ጠየቀች፤ ከመጀመሪያው ልትጠይቅ የፈራችውን። "አባባ፣ አባቴ ከነዚህ ወረቀቶች ብዙ ሳይለጥፉ አስቀርተው ነው ወደ ቤት ያመጡት። ላለመለጠፍ ብለው ያስቀሯቸው ይመስልዎታል?"

ጋሽ ይማም ሊያጽናኗት ይችሉ ነበር። ፊቷን አይተው ትንሽ አመነቱም።

"እኔ እንጃ ልጄ" አሉ። "ሙጫ አልቆበት ይሆናል።"

ረቡዕ ዕለት ሶረቲ ፖስተሩን እንደገና ሰቀለችው። ኦቦ ቀነአ "እኔ ከኋላ እቀመጣለሁ፤ በሩም ይዘጋል" ብለው ነው የፈቀዱት፤ ሙሉውን ሰዓት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ካኪ ወረቀት አልነበረም። ዓይን ይቅደም አላለችም። ጽሑፉን ራሷ አነበበችው፤ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥላ በአፋን ኦሮሞ። በአፋን ኦሮሞ ሲሰማ ከፊት ወንበር አንድ ልጅ "አቤት!" አለ። እስከዚያች ቀን ቃሉ የሌላ ሰው መስሎት ነበር።

"ባለፈው ኑሪያን ያስነሳኋት እኔ ነኝ" አለች ሶረቲ። "ቃሉ የሷ አይደለም፤ የኔ ቤት ቃል ነው። የዚህን ወረቀት አምሳያ ጉቲን መጋዘኑ በር ላይ የለጠፈው አባቴ ነው። ታሪክ አተረፈ ስላችሁ የኖርኩት፣ ያተረፈው ከለጠፈው የቀረውን ነው።"

ማንም አልሳቀም። ቦንቱ እጇን ሳታወጣ ጠየቀች።

"አባትዎ በዚያ ጣት ማን እንደሚሄድ ያውቁ ነበር?"

"ያውቁ ነበር። ስኳር የሚሰፍሩላቸው ቤቶች ልጆች ናቸው። በስም ነው የሚያውቋቸው።"

"ታዲያ ለምን ለጠፉት?"

"ደሞዝተኛ ነበሩ። ከዚህ በላይ ልንገርሽ ብል እዋሻለሁ።"

"የራሳቸውን ልጅስ ሰጡ?"

"ወንድ ልጅ አልነበራቸውም፣ ቦንቱ። የነበርኩት እኔ ነኝ።"

ቦንቱ አየቻት። ይቅርታም ቁጣም ፊቷ ላይ አልነበረም። ከዚያ ደብተሯን አውጥታ ከታች ያለችውን ጥቁር መስመር ገለበጠች፤ በአማርኛው ፊደል፣ አንድ በአንድ እየቆጠረች፣ ማንም ሳያነብላት። ደወል ሲደወል ከኋላ ያ ጎረምሳ፣ ድምፁን ቀነስ አድርጎ፣ "የፖስተሩ ልጅ" ሲል ተሰማ። ስለ ሶረቲ ነው። ኦቦ ቀነአ ሊነሱ ሲሉ ሶረቲ በዓይኗ መለሰቻቸው። ስም ባለቤቱን ካገኘ አይነኩትም።

ዓርብ ከሰዓት፣ ምዝገባው ሊዘጋ ሲል፣ ኑሪያ መጣች። ከማንም ጋር ሳትነጋገር ስሟን አረጋገጠች፣ ፎቶ ተነሳች። ሰኞ ወደ ክፍል ገባች። ቦንቱ በሰላምታ አልተቀበለቻትም፤ ወንበሩ ላይ የነበረውን ቦርሳዋን ብቻ ወደ ራሷ ሳበች። ቦታ ነው፤ ሰላምታ አይደለም። ኑሪያ ተቀመጠች። ከዚያ ወዲህ እስከ ፈተናው ድረስ አብረው ተቀመጡ እንጂ አብረው ሲስቁ ያየ የለም። የቦንቱ ወንድም እስካሁን አልተገኘም። የኑሪያ የድሮ ዴስክ ላይ ያለው ጣትም አልለቀቀም፤ የተቀመጠበት ሁሉ ደብተር ያለብሰዋል።

ይህ እንዲጻፍ ኑሪያ የፈቀደችው ከፈተናው በኋላ ነው፤ አያቷንም አስፈቅዳ። ስሟ ኑሪያ አይደለም። ያለችው ይህን ብቻ ነው፦ "ይጻፍ፤ ያነበበ ሰው ግን ለማንም ጮክ ብሎ አያንብብብኝ።"

ሶረቲ ደግሞ የምትለምናችሁ አላት። ከጉቲን፣ ከነቀምቴ፣ ከሌላም የወለጋ ከተማ፣ በጋዜጣ የለበሰ የጭቃ ግድግዳ ያላችሁ ሁሉ፣ ሲሚንቶ ከማስለሰናችሁ በፊት ለብ ያለ ውሃ እርጩና ጠብቁ። ወፍራሙ ሲመጣ አትሳቡት፣ አታቃጥሉት፣ ለኔ አምጡም አትልም። ጀርባው ላይ በእርሳስ ሦስት ነገር ጻፉበት፦ የየትኛው በር እንደነበር፣ ማን እንደለጠፈው፣ በሱ ምክንያት ከዚያ ሰፈር ማን እንደሄደ። የለጠፈው የናንተው ሰው ከሆነ ስሙን አትዝለሉ። እሷ የኦቦ ታፋን ጽፋለች፤ ከሥሩም የጂሬኛን።

አስተማሪ ከሆናችሁም አንድ ነገር። ፊት ለፊት ስትሰቅሉት ቃሉን እናንተው አንብቡት። ልጅ አታስነሱ።